የግራው መጋጠሚያ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ልጃችን ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ባለ እግሩን የስፌት መኪና ትተሽ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ገዛሽ አለችኝ። ደግ አደረግሽ። ያ የእግር መርገጫ ጉልበትሽን መብላት የጀመረው እኔ ቤት ሳለሽ ነው። እህትሽም በደህና እንዳለች ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ከጥርሴ አንዱን አስነቅዬ፣ ከፀጉሬ ብዙውን ሸኝቼ፣ በቀረው ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም አልፌያለሁ፤ ይህን የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳይጽፍልኝ ዛሬ ምን ነካው ማለትሽ አይቀርም። መደወል ይቀል ነበር፤ ለምን እንዳልደወልኩ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል። ክፉ ወሬ ይዤ አልመጣሁም፤ ልብሽን አሳርፊ። ነገሩ የሚጀምረው ሲጥ ሲጥ ከሚል አንድ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ብትስቂም አልቀየምም፤ እኔም ስቄበታለሁ።

እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ፤ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚቀዱበት ቤት። ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ክፍሏን ታስታውሻታለሽ፤ መካከል ላይ መስተዋት፣ ከመስተዋቱ ወዲያ አንባቢ፣ ከመስተዋቱ ወዲህ እኔ። አንድ ጊዜ የረሳሁትን መነጽር ልትሰጪኝ መጥተሽ፣ በሩ ሲዘጋ ጆሮዬ ታፈነ ብለሽ ሮጠሽ ወጥተሻል። ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ስፖንጅ አርጅቶ መፈርፈር ከመጀመሩ በቀር ምንም አልተለወጠም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚያነቡልን ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ኃላፊያችንም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ እኔም መምህርት ነው የምንላቸው። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው ይገዝፋል። የሦስት ትውልድ ታሪክ የሚተርክ፣ ሰባት መቶ ገጽ የሚሆን ልብ ወለድ ይዘን ነበር። ሲያነቡ የራሳቸውን ድምፅና እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ የምላቸውን እንዲሰሙ የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋሉ። አዲስ ማዳመጫ አለን፤ እሳቸው ግን አዲሱ ራሴን እንደ ጉጠት ይይዘኛል ብለው አሮጌውን መረጡ። አሮጌው ሰፊ ነው፤ ትራሱ ተልጧል፤ ክፈፉ ላይ የሚተጣጠፉ ሁለት መጋጠሚያዎች አሉት፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።

እንግዲህ አንድ አድማጭ አለን፤ ወንበር ሠሪ ነው። ዓይኑ ከልጅነቱ አያይም። የወንበር መቀመጫ በገመድ እየጎነጎነ ቀኑን ሙሉ የኛን መጻሕፍት ይሰማል፤ ሥራችንን ከኛ በላይ ያውቀዋል። ከዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ምዕራፎች ልከንለት ነበር። አንድ ሰኞ ለኃላፊያችን ደውሎ፣ መጽሐፉ ግሩም ነው፣ አይጧ ግን ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የምትሞተው ብሎ ጠየቀው። ኃላፊያችን ቀልድ ዘግይቶ የሚገባው ሰው ነውና፣ መጽሐፉ ውስጥ አይጥ አለ ወይ ብሎ እኔ ዘንድ መጣ።

ነገሩ ሲብራራ ወንበር ሠሪው ሲጥ የሚል ድምፅ ሰምቷል። እኔም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሬ ሰማሁት። ምንም የለም። ደግሜ ሰማሁ። የመምህርት ድምፅ፣ የወረቀት መገለጥ፣ ሌላ የለም። ሰውዬው የሚያጫውትበት መሣሪያ አርጅቶበት ይሆናል ብዬ መለስኩ። በሁለተኛው ቀን ራሱ ለኔ ደወለ። ማጫወቻውን ለጎረቤት ሰጥቼ የጎረቤቴን ተዋስኩ፣ አይጧም ተከትላኝ መጣች፤ ገጽ ሊገለጥ ሲል በግራ በኩል ነው አለኝ። ተናደድኩ። ሃያ ሰባት ዓመት በጆሮው ለኖረ ሰው፣ አልሰማህም መባል ለአናጢ መዶሻ አትይዝም እንደማለት ነው። ጥሩ ቀን ይሁንልህ ብዬ ዘጋሁበት።

ማክሰኞ ከሰዓት መምህርት ንባባቸውን አቋርጠው፣ ማዳመጫውን አውልቀው ይዘው በመስተዋቱ ዞረው ወደኔ መጡ። ሰውዬው እውነቱን ነው፣ እኔም ሰልችቶኛል፣ ገጽ ለመግለጥ አንገቴን ዘንበል ባደረግሁ ቁጥር ነው፤ ስማ አሉኝ። ጆሮዬ ሥር አስጠግተው የግራውን መጋጠሚያ አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። እኔ ፊታቸውን አየሁ። ባጠፉት ቁጥር ጥርሳቸው እንደበረደው ሰው ፊታቸው ይኮማተራል።

አዎ፣ ሰማሁት፣ ይሄ ነው ለካ አልኳቸው።

ውሸቴን ነበር። ምንም አልሰማሁም።

የሆነው ሆኖ እጠግነዋለሁ ብዬ ተቀበልኳቸው። አንቺ ትተሽው የሄድሽው የስፌት መኪና ዘይት እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ በማግሥቱ ይዤው ሄጄ በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ጨመርኩ። አሁንስ አልኳቸው። ጠፋ አሉ። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ከተላጠው ትራስ የሚረግፈውን ብናኝ ሁሉ ሰብስቦ ጭቃ ሆነ፤ አልፎም ወርዶ የመምህርትን ነጭ ሻሽ አበላሸው። ድምፁም ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ወንበር ሠሪው የዚያን ሳምንት ቅጂ እንደሰማ ደውሎ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አይጧ ወልዳለች አለ።

ኃላፊያችን በዚህኛው አልሳቀም። ሁለታችንንም አስጠርቶ፣ የተቀዳው ሠላሳ ሰዓት ይሆናል፣ እንዲህ ሆኖ አይወጣም አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ቁጭ ብለህ ስማና ሲጥ ያለበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርግ፣ መምህርት እነዚያን አረፍተ ነገሮች ብቻ ደግመው ያነቧቸዋል፣ ያ ካልተቻለ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምራለን አለኝ። መምህርት ቀስ ብለው፣ ከመጀመሪያው ከሆነስ እኔን ተዉኝ፣ ጉሮሮዬ ይህን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አይችለውም አሉ።

በተከታዩ ሳምንት ሐሙስና ዓርብ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ምልክት አላደረግሁም። ወረቀቴ ባዶውን ነበር። ኃላፊያችን በበሩ ብቅ እያለ እንዴት ነው ይለኛል፤ እኔ እየሄደ ነው እለዋለሁ። ምን እንደሚሄድ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ማዳመጫውን ቤት ወሰድኩት። የምቀዳውን ካልሰማሁ ሲጥ የሚለውን ላጥፋ፣ ሌላውን ቀስ ብዬ አስባለሁ ብዬ ነው። ሰው ሲጨንቀው እጁ የሚችለውን ነው የሚሠራው። መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ፈታሁት። ብሎኖቹ ሰሊጥ ያክላሉ፤ አንዷ ከጨርቁ ላይ ተንከባልላ ስትወድቅ በጉልበቴ እየዳሁ ግማሽ ሰዓት ፈለግኳት። የጆሮውን ክብ የሚይዘው እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ነው፤ በሁለቱ መካከል አንዲት ስስ ቀለበት፣ መካኒኮች ሮንዴላ የሚሏት ዓይነት፣ ትገባለች። የቀኙ ደህና ነው። የግራው ሮንዴላ ግን ተሰብሮ ግማሹ የለም፤ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ይፋተጋል።

ዘይቱን በአልኮልና በጥጥ ጠርጌ አወጣሁት። ከመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ውስጥ ያለችውን ስስ ላስቲክ በምላጭ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ አራተኛዋ ናት ልክ የሆነችው። ከዚያ ወደ መንገዱ ማዶ ቁልፍ ሠሪው ጋ ተሻገርኩ። የስፌት መኪና ዘይት እንደጨመርኩበት ስነግረው፣ እንደ ሞኝ ዘመድ አየኝ። ዘይት ለብረት ነው፣ ለፕላስቲክ ይሄ ነው ብሎ ሲሊኮን የሚሉትን ነጭ ቅባት በክብሪት እንጨት ጫፍ ቆንጥሮ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ብዙ አትቀባ፣ ለዝንብ ክንፍ የሚበቃ ይበቃል አለኝ።

ሁሉን ይዤ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ መዳኑን በምን አውቃለሁ? የሚሰማልኝ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ጎረቤት ጠርቼ ይህን ስሙልኝ ብል፣ የድምፅ ባለሙያው የሚሰማለት ሰው ፈለገ ይባላል።

ቅባቱን ከመቀባቴ በፊት እንዲያው ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጠቋሚ ጣቴን ጫፍ የግራው መጋጠሚያ ላይ አሳርፌ ቀስ ብዬ አጠፍኩት። ምን ልበልሽ፣ በጣቴ ሥር አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ። በጣም ትንሽ፤ ጉንዳን በወረቀት ላይ ስትሄድ የምትሰጠውን ያህል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይላል። ወደ ቀኙ ሄድኩ፤ የቀኙ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ተመልሼ የግራውን ነካሁ፤ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሮንዴላዋን አስገብቼ፣ ቅባቱን ቀብቼ፣ ብሎኑን አጥብቄ ዳግመኛ ጣቴን አሳረፍኩ። ዝም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኑ።

ደስታዬን አትጠይቂኝ። ብቻዬን ጠረጴዛው ላይ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቁ ከአፌ ሳይወርድ ነገሩ ገባኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚሰማውን ነገር እኔ አሁን ገና በጣቴ አገኘሁት።

ሰኞ መምህርት ገብተው ሳይቀመጡ፣ ድኗል ይሞክሩት አልኳቸው። አጠፉት፣ ዘረጉት፣ ራሳቸው ላይ አደረጉት፣ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ፤ ሁለት ገጽ አነበቡ። ከዚያ አውልቀው መጡና እኔ ጎን ተቀመጡ። እኔ ሳልነግርህ መዳኑን እንዴት አወቅህ አሉኝ። በእጄ አልኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው አሉኝ። ምኑ አልኳቸው። እሳቸውም፣ እኔ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በየክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲስቅ አይቶ የሚስቅ አንድ ልጅ አይጠፋም፣ ሰነፍ ይሉታል፣ ሰነፍ ግን አይደለም አሉኝ።

ያን ጊዜ ያስተዋልኩትን ልንገርሽ። እኚህ ሴት ከመጡ ጀምሮ ቀና ብዬ ካላየኋቸው አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ኩራት ይመስለኝ ነበር። ለካ ዓመት ሙሉ አፋቸውን እንዳይ እየጠበቁኝ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ለኃላፊያችን አብረን ገብተን ነገርነው። እኔ ዕቃዬን ለመሰብሰብ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን፣ በሃያ ሰባት ዓመት የደበቅኸኝ ይሄ ብቻ ከሆነ መልካም ነው አለ። ቀጥሎ፣ ታዲያ ምልክቱን ማን ያድርግ ሲል መምህርት ተቀብለው፣ አይጧን ያገኛት ሰው ነዋ አሉ።

ወንበር ሠሪው በማግሥቱ መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ ጣቶቹ ከገመድ ብዛት እንደ እንጨት ጠንክረዋል። ስልኩን ስለዘጋሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት። እኔ እኮ የመስመሩ ጥፋት መስሎኝ የስልኩን ሰዎች ሰድቤያቸው ነበር አለኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ይሰማል፤ ሲጥ ሲል ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ አንድ ጊዜ ይመታል፤ እኔ ደቂቃውን አንብቤ እጽፋለሁ። የጠረጴዛው ምት በክንዴ ይሰማኛል። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሠራን። እሱ ሲስቅብን፣ ከሁለት ጎዶሎ አንድ ሙሉ ሰው ወጣ ይላል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ አገኘን። መምህርት እነዚያን ብቻ በአራት ቀን ደግመው አነበቧቸው፤ ቀሪዎቹንም ምዕራፎች ጨረሱ። መጽሐፉ ወጥቷል።

በመጀመሪያው ቀን እኔ አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ አንድ ነገር ጠየቀኝ መሰለኝ። ልክ ነህ አልኩት። ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። ሻይ ነው ወይስ ውሃ የምትፈልገው ነው ያልኩህ፣ ልክ ነህ ብሎ የሚጠጣ የለም አለኝ። ሳቅን። ከዚያ በቁም ነገር፣ የኔን ጉድለት ሰው ከሩቅ አይቶ መንገድ ይለቅልኛል፣ ያንተን ካልተናገርክ ማን ይልቀቅልህ አለኝ። ያ ቃል ቤት ድረስ ተከተለኝ።

መምህርት ዝም ብለው የሚተዉ ሴት አይደሉም፤ ራሳቸው ቀጠሮ አስይዘው ጆሮ ሐኪም ቤት ላኩኝ። እዚያ እንደኛዋ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ አደረጉልኝ። ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠችው ባለሙያ፣ ድምፅ ስትሰማ ይህን ቁልፍ ተጫን አለችኝ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ከዚያ ድምፁ ቆመ። መሣሪያው ተበላሽቶባት ይሆናል ብዬ ቀና ስል፣ እሷ ከመስተዋቱ ማዶ አንገቷን ደፍታ እጇ አሁንም ይሠራል። አልቆመም ለካ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያኛው ወገን የተቀመጥኩ ሰው፣ መስተዋቱን ከወዲህኛው ያየሁት ያን ቀን ነው።

የምርመራውን ወረቀት አወጣችልኝ። መስመሩ ሜዳ ሜዳውን ሄዶ፣ ሄዶ፣ ገደል ይገባል። ወፍራሙን ድምፅ ደህና አድርገህ ትሰማለህ አለችኝ፤ ቀጭኑ ነው የጠፋብህ። በጉብዝናዬ ወራት በየሠርግ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሥር ስለቆምኩ ይሆናል አለች። ሲጥታ፣ ወፍ፣ ሰው ሲናገር ስ እና ሽ እና ፍ፣ የልጅ ድምፅ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት። ውሃ እየወረደ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ። ከመቼ ጀምሮ ይሆን ብላት፣ እንዲህ እስኪሆን ቢያንስ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጃል አለችኝ።

አሥራ ሁለት።

ከዚያ ወጥቼ አውቶቡስ አልያዝኩም። በእግሬ ሄድኩ፤ ስሄድም አንቺን አሰብኩ። ከግድግዳ ጋር ነው የምኖረው ትይኝ ነበር። እኔ ስድብ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ትዝ ሳይልሽ አይቀርም። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ዕቃ ታጥቢያለሽ፤ ቧንቧው ክፍት ነው። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሽቦ እጠቀልላለሁ። አንድ ነገር ተናገርሽ፤ ረዘም ያለ ነበር፤ ከዚያ ቆምሽ። የቆምሽው መልስ ልትሰሚ መሆኑን አውቄያለሁ። እኔም እንደ ልማዴ እሺ አልኩ። ቧንቧውን ዘጋሽ። ዞር ብለሽ አየሽኝ፤ እንደዚያ አድርገሽ አይተሽኝ አታውቂም። እሺ ካልክ እሺ አልሽ፤ ይህቺን ሰማኋት። በሦስተኛው ቀን እህትሽ ቤት ሄድሽ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን እንደሄደች አላውቅም እያልኩ ለሰው ተናግሬያለሁ። እውነቴን ነበር። ዛሬ ግን ምን ብለሽ ጠይቀሽኝ እንደነበር ይገባኛል። እዚህ አልጽፈውም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

ይህን የምጽፍልሽ ጥፋቴን ጆሮዬ ላይ ልጭን አይደለም። ጆሮዬ የሚወስደው ግማሹን ነው። ወንድምሽ የታመመ ጊዜ ብርሃን ላይ ቆመሽ፣ ፊቴን ይዘሽ፣ አብረኸኝ ሂድ አልሽኝ። ሥራ አለ አልኩ። ያንን ሰምቼ ነበር። እንደዚያ ያሉ ሌሎችም አሉ፤ ቁጭ ብዬ ለይቻቸዋለሁ። ባልሰማሁትም ቢሆን ምን አልሽ ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ቃል ናት። የድምፅ ሰው ሆኜ ምን አልሽ ማለት አፈርኩ፤ እሱም የኔ ነው።

እንግዲህ የአሁኑን ልንገርሽ። ሁለት የጆሮ መሣሪያ ሰጥተውኛል፤ ባቄላ ያክላሉ። መጀመሪያ አላደርግም ብዬ ነበር፤ ባለሙያዋ ግን የልጅ ድምፅ ካለችኝ ወዲህ፣ ልጃችን ደግሞ ሆዷ እንዲህ ከገፋ ወዲህ፣ ኩራቴን የት ላድርገው? አደረግኋቸው። መጀመሪያ ቀን ስሄድ ከኋላዬ ሰው የሚከተለኝ መስሎኝ ሦስቴ ዞርኩ፤ ጫማዬ ነው። ወረቀት ይጮሃል። ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ ያወራል። በአንድ መንገድ ሳልፍ አንድ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ መኪናው ሲሮጥ፣ ሲያርፍ፣ ሲሮጥ እሰማለሁ። ባለቤቱ ምን ልታዘዝ ሲለኝ የማሰፋው ነገር አልነበረኝም። ቁልፍ ፈልጌ ነው ብዬ አምስት ነጭ ቁልፍ ገዝቼ ወጣሁ።

ሥራዬንም አላጣሁም፤ መልኩ ነው የተለወጠው። ወንበር ሠሪው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ የተቀዳውን ይሰማልናል፤ ደመወዝተኛ ሆኗል። እኔ የቤቱን ዕቃ እጠግናለሁ፤ ማዳመጫውን፣ ሽቦውን፣ ማይክሮፎኑን፣ የበሩን ማጠፊያ ሁሉ። ጠረጴዛ ሰጥተውኛል፤ መስኮት ያለው። እጄ ከጆሮዬ ይልቅ ጎበዝ መሆኑን በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማወቄ ይገርመኛል። ጠዋት ስገባ ሰው ሳያናግረኝ ቀድሜ፣ ድገሙልኝ ካልኩ አትቀየሙኝ እላለሁ። ማንም አልተቀየመኝም። እንቅልፌም ጥሩ ነው።

ልጃችን ለመጪው ሳምንት እሑድ ምሳ ሁለታችንንም ጠርታናለች። እስካሁን አንቺን በጠዋት፣ እኔን ከሰዓት እያደረገች ስታፈራርቀን ኖራ፣ አሁን ሆዴ ከብዶኛል፣ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ አላነሣም አለች። ልክ ናት። እኔ እመጣለሁ። አንቺም እንድትመጪ ልለምንሽ ነው።

ከመጣሽ በቀኜ በኩል ተቀመጪ። መሣሪያውን አድርጌም ቢሆን የቀኙ ይሻለኛል። ጎን መቀመጡ የሚከብድሽ ከሆነ ግን ከፊቴ ሁኚ፤ መስኮቱ ወዳንቺ ይሁን፣ ፊትሽን ካየሁ አያመልጠኝም። የምትነግሪኝ ነገር ባይኖርም ግድ የለም። ጨው አቀብለኝ ብትይኝም ይበቃኛል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። መርፌሽ አይሰበር፣ ክርሽ አይበጠስ። እጅሽ የነካው ሁሉ ልክ ይሁንልሽ። ልጃችንን በሰላም ያገላግልልን፤ የሚመጣውንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን፣ እኛንም ለማየት።

አክባሪሽ፣
የልጅሽ አባት